ጋሽ ሜትሬና የቀሩት መቶ አርባ ሦስት ቤቶች

አባታችን ኅዳር 12 ቀን 1949 ዓ.ም. ከጡብ ማቃጠያው ጀርባ በነበረች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ከጡብ ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው ተወለዱ። ክፍሏ አራት ሜትር በሦስት ነበረች፤ ስምንት ሰው ይኖርባታል። ልኳን የማውቀው አባታችን ካደጉ በኋላ ተመልሰው ስለለኳት ነው። ሌላው ሰው የተወለደበትን ቤት ፎቶ ያነሣል፣ እሳቸው ግን ለኩት።

ይህን የጻፍኩትም የማነበውም የመጀመሪያ ልጃቸው ነኝ። የሕይወት ታሪክ ጽፌ አላውቅም፤ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነኝ። አጎቴ "ድምፅሽ ትልቅ ስለሆነ አንቺ አንብቢ፤ ግን አጠር ይበል፣ አደራሽን ነገር እንዳታነሺ" ብለውኛል። ድምፁን እሺ ብያለሁ። ስለ ሌላው ቃል አልገባሁም።

አባታችን ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። ጠዋት ጠዋት ከአባታቸው ጋር ጡብ ይቆጥሩ ነበር። "ጡብ ስትቆጥሪ ብትሳሳቺ የሚጎዳው አሠሪው አይደለም፣ አባትሽ ነው" ይሉኝ ነበር። ከዚያም የአንድ ዓመት የቅየሳ ሥልጠና ወስደው በ1971 ዓ.ም. በማዘጋጃ ቤቱ የቤት ምዝገባና ግምት ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው ቤት መለካት ነበር። የእያንዳንዱ ሰው የጣሪያና ግድግዳ ግብር የሚሰላው እሳቸው ለክተው በሚያመጡት ቁጥር ነው። በዚያ ሥራ ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆዩ፤ የሰፈሩ ሰውም ስማቸውን ትቶ "ጋሽ ሜትሬ" አላቸው።

ከለኩት ቤት ውሃ አይጠጡም ነበር። አንድ የትልቅ ግቢ ባለቤት "መኪናዬን ከማንሣት ይቺን ግድግዳ በግምት ጻፋት" ቢላቸው፣ መኪናው እስኪነሣ ድረስ አጥሩ ሥር ቁጭ ብለው ጠበቁ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ያ ሰውዬ እስከ ዕለተ ሞቱ ሰላም አላላቸውም፤ እሳቸው ደግሞ በየቀኑ ሰላም ይሉት ነበር። እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው ነበሩ፤ ልጅ ሆነን በጣም ያሳፍረን ነበር።

እናታችን የዚያው ክፍል መዝጋቢ ነበሩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ እሺ ብሎ የማይዘጋ አንድ ክፍል ነበር፤ እዚያ ውስጥ ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን ነው። አባታችን ከመስክ የለኩትን ደብተር ያመጣሉ፣ እናታችን በአረንጓዴው መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። "ሌላዋ በአበባ ትታለላለች፣ እኔ በስምንት ቁጥር ተታለልኩ" ይላሉ እናታችን፤ የአባታችን ስምንት ቁጥር አንገቷ ቀጭን፣ ሁለቱ ክቦቿ እኩል፣ በእውነት ታምር ነበር። በ1976 ዓ.ም. ተጋቡ። እኔንና ነርሷን እህቴን ወለዱ። ባልና ሚስት በአንድ ቢሮ ሲሠሩ ይጣላሉ ተብሎ ነበር፤ እነሱ ግን አልተጣሉም። ይልቅ ተማመኑ። መዘዙም የመጣው ከዚሁ ነው።

አጎቴ፣ አሁን ፊትዎን ቢያጠቁሩም እቀጥላለሁ።

በ1998 ዓ.ም. ከወፍጮ ቤቱ በታች ያለው የጠባብ መንገዶቹ ሰፈር ሁሉ እንዲለካ ታዘዘ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ነበር። ሥራው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው የቢሮው የብረት ሜትር የመኪና በር ውስጥ ተቀርቅሮ ጫፉ ተቆረጠ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ሳንቲ ሜትሮች ሄዱ። አባታችን አዲስ ሜትር ቢጠይቁ ንብረት ክፍሉ "የሚተካው ሲያልቅ ነው፤ ይሄ ገና ሃያ ዘጠኝ ሜትር ከዘጠና ይቀረዋል" አላቸው። እግዜር ያሳያችሁ። መንጠቆውን አሥር ቁጥር ላይ በምስማር ቀጥቅጠው መልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ሜትሩ በተዘረጋ ቁጥር አሥር ሳንቲ ሜትር አብልጦ ያሳያል። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ተደብቆ የተሠራ ነገር የለም። አባታችን ያነበቡትን እንዳለ ይጽፋሉ፣ እናታችን ቢሮ ተቀምጠው ለእያንዳንዱ ግድግዳ አሥር ይቀንሳሉ። ስምምነታቸው ይኸው ነበር።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ የአራት መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ዕጣ ያለው እዚህች ላይ ነው።

ሰፊ ግቢ ውስጥ ያለ ቤት ግድግዳው በአንድ ዝርጋታ ይለካል። አንዴ ይዘረጋል፣ አንዴ አሥር ይቀነሳል፣ ልኩ ልክ ይሆናል። የጠባብ መንገዶቹ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። እዚህ በርሜል አለ፣ እዚያ ደረጃ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ግንብ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። የአምስት ሜትር ግድግዳ ለመለካት ሜትሩ ሦስትና አራት ጊዜ እየተዘረጋ ይደመራል። በእያንዳንዱ ዝርጋታ አሥር ሳንቲ ሜትር ትጨመራለች። አባታችን ደብተሩ ላይ የጻፉት ድምሩን ብቻ ነው። እናታችን ደግሞ አሥር የቀነሱት አንዴ ብቻ። ሌላ መዝጋቢ ቢሆን ኖሮ "ስንት ጊዜ ዘረጋህ?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። እናታችን አልጠየቁም፤ የባላቸው ጽሕፈት ነው፣ ምን ብለው ይጠራጠሩ? አባታችንም አልተናገሩም፤ ሚስታቸው ናት፣ ታውቃለች ብለው። እንዲህ ሆኖ የባለ ግቢዎቹ ልክ ሳይዛባ ሲቀር፣ የጠባቦቹ ቤቶች በመዝገብ ላይ አበጡ።

አሥር ዓመት አልፎ ሌላ ስምንት ተጨመረበት፤ ማንም አላወቀም። ግብሩ ትንሽ ስለነበረ የቆረቆረው ሰው አልነበረም። እናታችን በ2005 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ አባታችን ግን ቀድመው በ2009 ይወጣሉ ተብሎ ስንጠብቅ... ይቅርታ፣ አንብቤ ተሳሳትኩ፤ እናታችን ናቸው ቀድመው የወጡት፣ አባታችን በ2009 ተከተሏቸው። ዛሬ ዓይኔ ልክ አይደለም።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. አዲሱ የግብር ስሌት መጣ። ቤቱ ከሃያ አምስት ካሬ ሜትር በታች የሆነ ሰው ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነ ግን የእግር እሳት የሚሆን ክፍያ ተጣለበት። ስሌቱ የተመሠረተው በዚያው በ1998ቱ መዝገብ ላይ ነው። እዚህ መካከላችን የተቀመጡት ልብስ ሰፊ፣ ሰፈሩ "እትዬ ዚፕ" የሚላቸው፣ የደረሳቸውን ወረቀት ይዘው ቤታችን መጡ። ደጃፍ ላይ እንደቆሙ "ጋሽ ሜትሬ፣ ቤቴን የለኳት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ሃያ ስድስት ካሬ ከግማሽ ትላለች። እኔ እያረጀሁ ስቀንስ እሷ መቼ ነው ያደገችው?" አሉ። ሁላችንም ሳቅን። አባታችንም ስቀው አዲስ ሜትር ገዝተው ሄዱ።

የእትዬ ዚፕ ቤት አምስት ሜትር በአራት ከሰማንያ ነው። ሃያ አራት ካሬ። መዝገቡ ግን አምስት ከሠላሳ በአምስት ይላል። አባታችን ግድግዳውን ጨርሰው ሲያበቁ እንደገና ለኩ። ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ ለኩና መንገዱ ላይ ደርቀው ቀሩ። ቤት ሲገቡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ እናታችንን "ያኔ አሥሩን የምትቀንሺው ስንት ጊዜ ነበር?" አሏቸው።

"ለአንድ ግድግዳ አንዴ ነዋ" አሉ እናታችን። ከዚያ እጃቸው ላይ የነበረውን ሳህን አስቀመጡ። "ስንት ጊዜ ዘርግተህ ነበር?"

አሥራ ስምንት ዓመት የዘገየ ጥያቄ ነው። አባታችን አዲሱን ሜትር ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጡ።

በነጋታው አባታችን የተቀጠቀጠውን አሮጌ ሜትር ይዘው ወደ ቢሮው ሄዱ። እንደ መታሰቢያ ብለው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውት ነበርና ማስረጃ ይሆናል አሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መዝገቡ ይታረም ብለው አመለከቱ። አዲሱ ኃላፊ ዓይኑን በጨው አጥቦ "መዝገቡ ላይ ያለው የእርስዎ ፊርማ ነው። ፊርማዎን ይክዳሉ?" አላቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የለፉ ሰው የራሳቸውን ፊርማ እንዲክዱ ተጠየቁ። "አዎ፣ እክዳለሁ" አሉ። እሱም ሳቀ። አሮጌው ሜትር "ለምርመራ" ተብሎ እዚያው ቀረ፤ የት እንደገባ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አንድ ዓመት ሙሉ ላይ ታች አሉ። አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፉ። ለአሥራ አንዱም ጆሮ ዳባ ልበስ ተባሉ።

በዚህ መካከል፣ በሰኔ 2016፣ እትዬ ዚፕ ቤታቸውን ሸጡ። የተጠየቁትን መክፈል አልቻሉም፤ ቤታቸው ከሚታሸግ ብለው ለጎረቤታቸው ባለ መጋዘን ሰጡትና ኪራይ ቤት ገቡ። ዛሬ ያቺ ሃያ አራት ካሬ የሲሚንቶ ማስቀመጫ ናት። አባታችን ይህን የሰሙ ዕለት አልጋ ላይ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እናታችን ቢያባብሏቸው፣ እህቴ ብትለምናቸው ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንድ ቀዳዳ ተከፈተች። ማንኛውም ባለቤት ፈቃድ ያለው ለኪ የፈረመበት አዲስ ልኬት ይዞ እስከ ጥር 30 ድረስ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል ተባለ። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ለአሥር ዓመት ይዘጋል። አባታችን በስልሳ ሰባት ዓመታቸው የለኪነት ፈቃዳቸውን አሳደሱ። ብቻቸውን አይችሉምና ያስተማሯቸውን አራት ለኪዎች አንድ በአንድ ለመኑ። አራቱም "ጋሼ፣ ልጆች አሉን፤ ከቢሮው ጋር አታጣሉን" አሏቸው።

ስለዚህ እናታችን የሜትሩን ጫፍ ያዙ። ሁለት አዛውንቶች፣ አንዳቸው በጉልበታቸው አንዳቸው በወገባቸው እያቃሰቱ፣ በየጠባቡ መንገድ ጎንበስ ቀና ሲሉ ያላያቸው የለም። አባታችን ቁጥሩን ይጠራሉ፣ እናታችን እያንዳንዱን ዝርጋታ ለየብቻው በደብተር ይጽፋሉ። "አንድ። ሁለት። ሦስት።" ሰው ወንበር ሲያወጣላቸው "ስንጨርስ" ይሉ ነበር። ውሃም አልጠጡም፤ ያ ጠባያቸው እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም።

የመጀመሪያውን ቅጽ የሞሉት ለእትዬ ዚፕ ቤት ነበር። ቤቱ አሁን የእትዬ ዚፕ አይደለምና ለምንም አይጠቅምም። ሆኖም ወደ ኪራይ ቤታቸው ይዘው ሄዱ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። እትዬ ዚፕ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። "አሁን ልክ መሆኑ ምን ያደርግልኛል ጋሼ? ግን ይፈርሙልኝ። ቤቴ ትንሽ እንደነበረች ይታወቅልኝ" አሏቸው። አባታችን ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አንብበው ፈረሙላቸው።

በኅዳር ወር እህቴ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ልባቸው በጣም ተዳክሟል፣ ይተኙ ተባለ። "ስንት ቀን?" አሉ። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ሁልጊዜ ነው ሲላቸው "ከጥር በኋላ ሁልጊዜ እተኛለሁ" አሉት። በዚህ ቀልድ ሐኪሙ ሲስቅ እህቴ አለቀሰች። እኔ ተቆጣሁ፣ ሜትሩን ደበቅኩባቸው። ለእኔ አባት ይሻለኛል፣ ቤቱ ይቅር፣ ግብሩ ይቅር አልኳቸው። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ተቆጥተውኝ የማያውቁት ሰው ያን ቀን "አምጪ" ብለው ጮኹብኝ። አመጣሁላቸው። እስካሁን ልክ ማድረጌን አላውቅም። በየቀኑ ራሴን እጠይቃለሁ።

ጥር 15 ቀን፣ የቁልፍ ሠሪውን ቤት ሁለተኛ ግድግዳ እየለኩ ሳለ ወደቁ። ሜትሩ ከእጃቸው አልወጣም። የዚያን ቤት ልክ እናታችን እስከ ግማሽ ጽፈውታል። አባታችን በሆስፒታል አራት ቀን ሲረዱ ቆይተው ሰኞ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የመጨረሻ ንግግራቸው ለእናታችን ነበር፤ "ስንት ቀሩ?" አሏቸው። እናታችን ዋሹ። "ጨረስን" አሏቸው። በአርባ አንድ ዓመት ትዳራቸው የማውቀው ብቸኛ ውሸታቸው ይህ ነው።

አልጨረሱም። ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ የተለኩት ሁለት መቶ ስልሳ ዘጠኝ ናቸው። አባታችን ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አንድ ወንድማቸውንና መቶ አርባ ሦስት ቤቶችን ትተው ሄደዋል። የቤቶቹ ቁጥር በዚህ ወረቀት ጀርባ ታትሟል፤ አጎቴ ለፎቶ የመረጡት ቦታ ነበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእናንተ ቁጥር እዚያ ካለ ዛሬውኑ እናታችንን አናግሩ። ወረቀቱን አጥፋችሁ ኪሳችሁ አትክተቱት።

እናንተ አራታችሁ ደግሞ፣ ፈቃድ ያላችሁ፣ እሳቸው ሜትር አያያዝ ያስተማሯችሁ፣ ከኋላ ቆማችሁ አይቻችኋለሁ። ስማችሁን አልጠራም። አልቅሳችኋል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን ዛሬ ጥር 21 ነው፤ ዘጠኝ ቀን ይቀራል። ለአንዳችሁ በቀን አራት ቤት ነው። አስልቼዋለሁ፤ እንዲያውም አንድ ቤት ይተርፋችኋል፣ በእሱ ዕረፉበት። እንደምትፈሩ አውቃለሁ። እኔም እፈራለሁ። እባካችሁ። ልመናውን እሳቸው ጀምረውታል፣ እኔ ጉልበታችሁ ላይ ወድቄ እጨርሰዋለሁ።

በመጨረሻ፣ ትላንት ጠዋት የሆነውን ተናግሬ ላብቃ። አናጢው ለሳጥኑ ልክ ሊወስድ ቤታችን መጣ። ከአባታችን ራስ እስከ እግራቸው ለካና ቁጥሩን ሊጽፍ እርሳስ ከጆሮው ላይ አወረደ። እናታችን ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ሜትሩን ከእጁ ተቀብለው ጫፉን በጣታቸው ዳሰሱ። ከአንድ ይጀምራል፣ ጫፉ ደህና ነው። ከዚያ ዓይን ዓይኑን እያዩ "ስንት ጊዜ ዘረጋህ?" አሉት።

"አንዴ ነው እማማ።"

"እንደዚያ ብለህ ጻፈው" አሉ።

በዚያች ጠባብ ክፍል የኖሩትን ስምንት ሰዎች የሚያውቅ አምላክ አባታችንን ሰፊ ቦታ ያሳርፍልን። ለእኛም ዘጠኙን ቀን ይባርክልን።